ለበቅሎ ማኅበር ብሎግ ይበቃል

ነሐሴ 24

«አቶ ሕሩይ ያቀረቡት የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ከአቅማችን በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ ለበቅሎ ማኅበር ብሎግ ይበቃል። ስለዚህ ሐሳቡ ውድቅ ሆኖ ብሎጉን ራሳቸው አቶ ሕሩይ፣ በጸሐፊነታቸው እንዲያዘጋጁ ተወስኗል።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው፤ ኋላ «ከራሱ ጨምሮ ነው» እንዳይባል። «አቶ ሕሩይ» ከሚለው ቀጥሎ ያለችው ነጠላ ሰረዝ እንኳ የእነሱ ናት፤ እኔ ብሆን እዚያ አላስቀምጣትም ነበር። ከሥር የሊቀ መንበሩ የሀብተ ሚካኤል ፊርማ አለ።

ለበቅሎ ማኅበር ይበቃል። የበቅሎ ማኅበር ምን አነሰው? ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ዕቃውን የሚያስጭነው፣ ሲደክመውም የሚቀመጠው በእኛ በቅሎ ነው። እኔም ጂኦግራፊ ማስተማር ትቼ ጸሐፊ የሆንኩት ማኅበሩን አክብሬ ነው።

ነገሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አንድ የጉዞ ወኪል የበቅሎ ኪራዩን ጠቅልሎ ልያዝ ብሏል። እሱ ከያዘው ተራ የሚባል ነገር ይቀራል፤ በቅሎ የሚመርጠው እሱ ይሆናል። ከጃናሞራ ድረስ በቅሎውን እየሳበ የሚመጣ ሰው ከከተማው ባለ በቅሎ ጋር እኩል የሚሆነው በተራ ብቻ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ቁርጡን ነግሮናል፦ እንግዳ በቀጥታ ለእኛ የሚጽፍበት ድረ ገጽ አቁመን እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንግዳ ካመጣን ወኪሉን ይመልሱታል። ካልሆነ ይፈርማሉ።

ባለቤቴ በለጠች የሥርዓቱንና የብሎጉን ልዩነት ጠየቀችኝ።

«ሥርዓቱ ቤት ነው» አልኳት። «የአባላቱ ክፍል፣ የዋጋው ክፍል፣ የተራው ክፍል አለው። እንግዳው በሩን ከፍቶ የፈለገው ክፍል ይገባል። ብሎግ ግን የድርቆሽ ክምር ነው። የዛሬው የትናንቱ ላይ ይጫናል፤ መጀመሪያ የተቀመጠው ከሥር ሆኖ ይቀራል።»

«ከብቱስ ከላይ አይደል የሚጀምረው?» አለችኝ።

ቁም ነገር ስነግራት እንዲህ ናት።

ነሐሴ 27

ሀብተ ሚካኤል ሱቅ ሄድኩ። ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ ያኔም የቤት ሥራውን ግማሽ ሠርቶ «ይበቃል» የሚል ልጅ ነበር።

«ተናደሃል አሉ» አለኝ።

«አልተናደድኩም። ማብራሪያ ነው የምጠይቀው።»

«ሕሩይ፣ አንተ እኮ አንድ ጎጆ ቀልስ ቢሉህ አዳራሽና እልፍኝ ካልለየሁ የምትል ሰው ነህ።»

ኮምፒውተር የሚጠግነው ቴዎፍሎስም እዚያው ነበር። «ጋሼ፣ ሲስተሙ ጠባቂ ይፈልጋል። በየጊዜው ይታደሳል። ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ሰው ሰብሮ ቢገባስ? ብሎጉ ግን ዛሬ ቢጀመር ነገ ያልቃል።»

«ነገ የሚያልቅ ነገር ከነገ ወዲያ ምን ይሆናል?» አልኩት። ሀብተ ሚካኤል ሳቀ። የሚስቀው ሁልጊዜ የማያስቅ ቦታ ላይ ነው።

የተቃወምኩት እኔ። የምሠራው እኔ።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። የልማሊሞ ዳገት ጉም ውስጥ ነው፤ ከተማውም እንዲሁ።

ሥራ ስላልነበረኝ የሥርዓቱን ዕቅድ እንደገና ነደፍኩ። የአባላት ክፍል። የዋጋ ክፍል። የተራ ክፍል፣ ስምና ቀን ብቻ የሚይዝ። የመንገድ ክፍል። የአድራሻ ክፍል። የቀረ ነገር ካለ ብዬ ደግሜ አየሁት። ምንም የቀረ የለም። ከሥሩ «አንዳች እንዳይጨመርበት፣ አንዳች እንዳይቀነስበት» ብዬ ፈረምኩና ለኮሚቴው አስገባሁት። አያነቡት ይሆናል። ግን በእጃቸው ይኑር።

ጳጉሜን 5

ኔትወርክ አለ ስለተባለ ዳባት ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው የነጭ ሽንኩርት ጆንያውን እግሬ ላይ አስቀምጦ እስክንደርስ ስለ ዋጋ መርከስ አጫወተኝ።

ብሎጉ ተከፈተ። ቴዎፍሎስ እንዳለው ቀላል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ቀላል መሆኑ ነው። «ስለ ብሎጉ ጥቂት ይጻፉ» የሚል ሳጥን አለ። ጥቂት ጻፍኩ። ሳጥኑ ሞልቶ አልቀበልም ሲለኝ ቀሪውን የመጀመሪያ ጽሑፍ አድርጌ አወጣሁት። ለግዴታ ያህል ነው።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም።

መስከረም 3

አባላቱን ማውጣት ጀመርኩ። የእያንዳንዱ ፎቶ ከነበቅሎው፣ ከሥሩ ስምና ቀበሌ። ቅደም ተከተሉን በጥንቃቄ ነው የያዝኩት፤ በአባልነት ዘመን። መጀመሪያ ማኅበሩን የመሠረቱት መሪጌታ ባርናባስ። የድጓ መምህር ናቸው፤ በቅሏቸው ከተማሪዎቻቸው ይልቅ ጸጥ ትላለች። ቀጥሎ ወይዘሮ ዘቢደር፣ ከዚያ ሌሎቹ በየዘመናቸው፤ በመጨረሻ አምና የገባው የጃናሞራው ያርጋል። አንድ ስሕተት ሳይገኝበት አለቀ።

ጥሩ ቀን።

መስከረም 5

ጥሩ ቀን አልነበረም።

ወይዘሮ ዘቢደር ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ያዙኝ። «መምህር፣ መሪጌታን ከበር ሥር አስቀምጠው ያርጋልን መደብ ላይ አወጡት አሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጄ በስልኳ አሳየችኝ እንጂ። ያርጋል ከነበቅሎው አናት ላይ ጉብ ብሏል። መሪጌታን ለማግኘት ጣቷ እስኪደክም ነው የወረደችው። እኔም እዚያው ታች ከሳቸው ጋር ነኝ፤ ብርድ ላይ።»

ድርቆሹ። ነሐሴ 24 በገዛ እጄ እዚህ የጻፍኩትን ረስቼ፣ መስከረም 3 በገዛ እጄ ሠራሁት። ስንት ዓመት ልጆችን «ካርታውን ከማንበባችሁ በፊት አቅጣጫውን እዩ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው። ይህን ለማንም አልነግርም።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ።

«ልጄ ሕሩይ፣ ኋለኛው ፊተኛ ይሆናል እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ» አሉኝ። «ያልኩት ግን ስለ በቅሎ አልነበረም።»

«መሪጌታ፣ ይሄ የብሎጉ ጠባይ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ብሎጉ የማን ልጅ ነው?»



መስከረም 9

ሁሉንም አውርጄ እንደ አዲስ ላስገባ ወሰንኩ። በቅደም ተከተሉ ዳግም እንዳልወቀስ ደግሞ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ አባላት ዓርብ ጠዋት ቢሮ ይምጡ፣ በገቡበት ቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የለም ብዬ ነበር።

ዛሬ ሁሉም በሰዓቱ መጡ። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልገባም። መጨረሻ የገባ ከላይ እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

«ወይዘሮ ዘቢደር፣ ይቅደሙ እንጂ።»

«ኧረ መሪጌታ ቆመው? ነውር አይደለም እንዴ? ይግቡ መሪጌታ።»

«እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ የሚያስቸኩለኝ ምሳ የለም። ልጆቹ ይቅደሙ።»

«አባቶች ቆመው እኔ ብገባ ጃናሞራ ምን ብዬ እመለሳለሁ?» አለ ያርጋል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ኋላ እየሸሸ።

እንግዳው የሚባለው ተራ አስከባሪያችን ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። «እግዜር ያሳያችሁ» አለ። «ለበቅሎ ስጠራችሁ በክርን የምትደላለቁ ሰዎች፣ ዛሬ ሁላችሁ መነኮሳችሁ።»

ባጃጅ ነጂ አቁሞ ማን እንደሞተ ጠየቀ። ማንም ሳይመዘገብ ቀኑ መሸ። ሲለያዩም እርስ በርሳቸው እየተመራረቁ ነበር።

መስከረም 11

ይበቃል።

ከነገ ጀምሮ የአባላት ዝርዝር የለም። በየማለዳው አንድ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል፤ የዚያን ቀን ተራ የሚከፍተው አባል ከነበቅሎው። እንግዳ መጣም አልመጣም ተራው በየቀኑ ስለሚዞር፣ ባለተራው ከላይ ይውላል፣ በማግሥቱ ይወርዳል። መሪጌታም ቀናቸው ሲደርስ አናት ላይ ይሆናሉ፤ ያርጋልም እንዲሁ። ቅር ያለው ተራውን የሚጠራውን እንግዳውን ይጠይቅ።

ይህን ያደረግኩት ልቀጣቸው ነው። ሁሉም ደስ አላቸው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። መሪጌታም «ይህ የሰሞነኛ ሥርዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የምትገለገለው በዚሁ ነው» ብለው መረቁኝ።

ስለ ባለተራው አንድ ሁለት መስመር መጻፍ ግድ ይሆናል። ቢበዛ ሦስት።

መስከረም 14

ባለተራ ያርጋል። በቅሎው ቡላ ትባላለች። ቡላ ድልድይ አትሻገርም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ ወርዳ በውሃው ትሄዳለች። ይህን ለእንግዳ አለመንገር ማታለል ስለሆነ ጻፍኩት። ግን ሦስት መስመር አልበቃም። በቅሎዋ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ድልድዩ ወደ ግራ ማጋደሉን፣ ድልድዩን የሠራው ሰውም ለምን እንዳጋደለ ሲጠየቅ «ወንዙ ነው ያጋደለው» ማለቱን መጻፍ ነበረብኝ። አንድ በቅሎ ያየችውን ጉድለት አንድ ኮሚቴ ፈርሞ ተረክቧል። ይህንንም ጻፍኩ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

በለጠች ከመኝታዋ ሆና፣ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

«ጉሮሮዬን ነው የጠረግኩት።»

መስከረም 19

በተራ ማስጠበቂያው አጥር በኩል ሳልፍ የተራ አስከባሪውን የእንግዳውን ድምፅ ሰማሁ። ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የእኔን ጽሑፍ።

«‹ይህች በቅሎ ነጭ ኮፍያ አትወድም። ባለቤቷን ወይዘሮ ዘቢደርን ምክንያቱን ጠይቄያቸው፣ እሳቸውም እንደማይወዱ ነገሩኝ። ኮፍያውን የሚወድ እንግዳ ምርጫው የራሱ ነው።›»

አጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ አወካ።

«የኔስ ደህና ነው» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። «የመሪጌታን በቅሎ ምን እንዳላት አንብብላቸው። ‹ቅኔ ሲዘረፍ አንድ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ገብስ ሲነሳ ግን ሁለቱንም› ያለውን።»

እስኪጨርስ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። በትክክል ማንበቡን ለማረጋገጥ ነው። ሁለት ቦታ ተሳስቷል።

ሰው ተቆጥቶ ሲጽፍ ምን ያስቃል? በቅሎ ሲገለጽ በትክክል መገለጽ አለበት፤ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ሀብተ ሚካኤልን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ዛሬ ዘግይተሃል» አለኝ። «እኛ ቤት ሳይነበብ ቁርስ አይቀርብም።»

«ሥርዓቱ ቢኖር ኖሮ...» ብዬ ስጀምር ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

መስከረም 24

ኔትወርክ ጠፋ። ዳባት ደርሶ መልስ። ያለ ጽሑፍ እንዳይዋል። ማንም ሂድ አላለኝም።

መስከረም 27

አሁንም አንድም እንግዳ አልጻፈልንም። ጉባኤው እየደረሰ ነው። ወኪሉ ከተማ ውስጥ ታይቷል፤ የከተማውን በቅሎዎች ጥርስ እየገለጠ ሲያይ ዋለ አሉ። ከጃናሞራ የመጡትን ቀና ብሎም አላያቸውም። ያርጋል ቢሮ መጥቶ፣ «መምህር፣ ተራ ከቀረ ቡላን መሸጤ ነው» ብሎኝ ወጣ። ድልድይ የማትሻገር በቅሎ ማን ይገዛል? ይህንን ጉድለት ለዓለም የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጉድለቷን ዘልዬ መጻፍ ነበረብኝ? እየተዘለለ የሚጻፍ ነገር አለ?

መስከረም 28

ተጻፈልን። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ በዕረፍታቸው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ የጻፈችው የትናየት የምትባል ሴት ናት።

«መምህር ሕሩይ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጽሑፍዎን ጠዋት ጠዋት ተሰብስበን ነው የምናነበው። ዘጠኝ ሆነን ጥቅምት ሁለት ልንመጣ አስበናል። አንድ ልመና ብቻ አለን፤ ቡላን እንፈልጋለን።»

መለስኩላት። በቅሎ በምርጫ አይሰጥም፣ በተራ ነው፤ ማኅበሩ የቆመው በዚህ ነው። ቡላ ተራ የምትከፍተው ጥቅምት ስድስት ነው። ጥቅምት ሁለት ከመጡ የሚደርሳቸው የዚያን ቀን ባለተራ ነው። አልለሳለስኩም።

ከላክሁት በኋላ ነው የገባኝ። ለአንድ ወር የጠበቅነውን እንግዳ በአንድ አንቀጽ መለስኩት። በለጠች አንብባ፣ «‹እንኳን ደህና መጣችሁ› የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለች።

መልሱ ከመምሸቱ በፊት ደረሰ፦ «እንግዲያው ጥቅምት ስድስት እንመጣለን።»

ሰው የጉዞ ቀኑን ለበቅሎ ተራ አዛወረ። ደግሜ አነበብኩት። ከሥሩ ደግሞ የባሕር ዳር ባንክ ሠራተኞች የወይዘሮ ዘቢደር በቅሎ ቀኗ መቼ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ኮፍያ አንይዝም ብለዋል።

ጥቅምት 6

መጡ። ቡላ ከፊት፣ ቀሪውን ዕቃ ከእሷ ቀጥለው ያሉት ባለተራዎች ጫኑ። እኔም እስከ ድልድዩ ሸኘኋቸው። ዘጠኙም ስልካቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ። ያርጋል በሐፍረት ልጓሟን ይስባል፣ «አንቺ፣ ዛሬ እንኳ» ይላታል።

ቡላ ቆመች። ድልድዩን አየችው። ወርዳ ውሃው ውስጥ ገባች።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ውሃው እንደ በረዶ ነው፣ እየጮኹ ሁሉም ተከተሏት። ያርጋልም በመጨረሻ እየሳቀ ገባ።

በድልድዩ የተሻገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አጋድሏል።

ጥቅምት 16

ጉባኤ። ወኪሉ ጥሩ ተናገረ፤ አማርኛው ግን የተዝረከረከ ነው። ሲጨርስ ወይዘሮ ዘቢደር ተነሱ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ በቅሎ ትመርጣለህ። እነዚያ ከአዲስ አበባ ተራ ጠብቀው መጡ። ታዲያ አንተን ምን ልናደርግህ ነው?»

ለወኪሉ አንድ እጅ አልወጣም። ያርጋል ከኋላ ቆሞ ነበር። ስንወጣ ፊቱን ቡላ አንገት ውስጥ ቀብሮ አየሁት። ያላየ መስዬ አለፍኩ።

ጥቅምት 20

ሀብተ ሚካኤል ደብዳቤ ይዞ ራሱ ቤቴ መጣ።

«አቶ ሕሩይ ላበረከቱት አገልግሎት ማኅበሩ ከልብ እያመሰገነ፣ ሲጠይቁት የቆዩት የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ጳጉሜን 3 ባስገቡት ዕቅድ መሠረት፣ አንዳች ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ሥራ ላይ እንዲውል፣ ብሎጉም ከኅዳር 1 ጀምሮ እንዲዘጋ ተወስኗል።»

ነጠላ ሰረዞቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው።

«ደስ አላለህም?» አለኝ።

«ደስ ብሎኛል።»

«ፊትህ እንደዚያ አይልም።»

«ደስ ብሎኛል አልኩህ እኮ።»

ዕቅዴን እስከ መጨረሻው አንብቦት እንደነበረ ገባኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ላይ የነበረው ሳቅ አንደኛ ክፍል እያለን የነበረው ነው።

ዕቅዱን አወጣሁ። የአባላት ክፍል። የዋጋ ክፍል። የተራ ክፍል፣ ስምና ቀን ብቻ። የጠዋቱ ጽሑፍ የቱ ክፍል እንደሚገባ ፈለግሁ፤ የሚገባበት የለም። ቴዎፍሎስ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ውስጥም እኮ ብሎግ ማስገባት ይቻላል፤ አንድ ክፍል መጨመር ነው» አለኝ። «ግን እርስዎ እንዳይጨመር ብለው ፈርመዋል።»

በለጠች ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ድርቆሹን ሊያነሱት ነው?» አለች።

ነገ ባለተራው መሪጌታ ናቸው፤ ስለ በቅሏቸው አዲስ የማውቀው ነገር አለ።

ጥቅምት 21

ዛሬ ለኮሚቴው ያስገባሁት፣ ቃል በቃል፦

«ለማኅበራችን ሊቀ መንበር ለአቶ ሀብተ ሚካኤል።

በጥቅምት 20 የደረሰኝ ውሳኔ ትክክለኛ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሥርዓቱ ይሠራ። ነገር ግን ጳጉሜን 3 የገባው ዕቅድ መብራት በጠፋበትና ዝናብ በበዛበት ቀን የተዘጋጀ በመሆኑ የበቅሎዎቹን ጠባይ የሚመለከት ክፍል ሳይኖረው ቀርቷል። ይህን ጉድለት አንብቦ ማስተካከል የኮሚቴው ኃላፊነት ነበር። ቡላን የሚያህል በቅሎ በስምና በቀን ብቻ የሚገለጽበት ምክንያት የለም። እንግዶቹም የመጡት ለስምና ለቀን አይደለም።

ሊቀ መንበሩ ነሐሴ 24 በጻፉትና በፈረሙት ውሳኔ ላይ ‹ለበቅሎ ማኅበር ብሎግ ይበቃል› ብለዋል። ያኔ የበቃው ዛሬ ለምን እንደማይበቃ፣ ፊርማቸውንና ማኅተሙን አድርገው እስከ ጥቅምት 30 ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ፣ በተለይም ሳቅ፣ ተቀባይነት የለውም።»